ከአልጋ ላይ የሚታይ ደጅ፦ ከቤት መውጣት ለማይችል ሰው ግቢን ማዘጋጀት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አብዛኛው ሰው ግቢውን የሚያሳምረው ከውጭ ለሚገባው እንግዳ ነው። ጽጌረዳው በሩ አጠገብ ይተከላል፣ አበባ የያዘው ጣሳ በረንዳው ጫፍ ላይ ይደረደራል፣ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ማገዶ፣ የተሰበረ ወንበርና የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይከማቻል። በቤቱ ውስጥ በስትሮክ የተኛ አባት፣ ዳሌዋ የተሰበረ እናት ወይም በልብ ድካም ምክንያት ከክፍሏ የማትወጣ አያት ስትኖር፣ ጸጥ ይላል ተብሎ የሚሰጣቸው ብዙ ጊዜ ይኸው የጀርባው ክፍል ነው። ከቤተሰቡ ሁሉ ረዘም ላለ ሰዓት በመስኮት የሚያየው ሰው እንግዲህ የሚታየው የማገዶ ክምርና የጎረቤት ቆርቆሮ ነው።

በቤትዎ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። ግቢውን ከበሩ ሳይሆን ከአልጋው ተነስተው ያቅዱት። ወጪው ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ያለውን ነገር ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ማዛወርና ጥቂት ችግኝ ብቻ ነው።

አረንጓዴ ማየት በእርግጥ ጤናን ይጠቅማል?

ይጠቅማል፣ ነገር ግን በልኩ። በዚህ ጉዳይ ላይ በብዛት የሚጠቀሰው ጥናት ሮጀር ኡልሪች የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጣው ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን የ46 ሰዎች መዝገብ መረመረ። 23ቱ የተኙበት ክፍል መስኮት ዛፎችን ያሳይ ነበር፤ በዕድሜ፣ በፆታና በመሳሰሉት ከእነሱ ጋር የተመሳሰሉት ሌሎቹ 23 ሰዎች የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ነበር። ዛፍ ያዩት በአማካይ ከ7.96 ቀን በኋላ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ግድግዳ ያዩት 8.70 ቀን ቆይተዋል። ዛፍ ያዩት የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ የዘመናዊ ነርስነት መሠረት የጣለችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው መጽሐፍ ታማሚ ከአልጋው ሆኖ ወደ ውጭ ማየት መቻል እንዳለበት አሳስባ ነበር።

46 ሰው ጥቂት ነው፣ ሆስፒታሉም አንድ ነው። ስለዚህ ማንም “አበባ ትከሉ፣ በሽታው ይድናል” ቢልዎት አይቀበሉት። እኔ በሥራዬ የማየው ጥቅም ከዚህ የበለጠ ተራ ነገር ነው። ለወራት የተኛ ሰው ቀኑና ሌሊቱ ይቀላቀልበታል፤ ቀን ሲያንቀላፋ ይውልና ሌሊት ነቅቶ ይጣራል፣ አስታማሚውም አብሮ አይተኛም። አረጋውያን ላይ ይህ ሲብስ ግራ መጋባትና መቃዠት ይከተላል። የሰውነታችንን ሰዓት የሚያስተካክለው ዋናው ነገር የቀን ብርሃን ነው። ደመና በሸፈነው የክረምት ቀን እንኳ ደጅ ያለው ብርሃን 10,000 ሉክስ ገደማ ይደርሳል፤ በመጋረጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ከጥቂት መቶዎች አያልፍም። የሚታይ ነገር ያለው መስኮት መጋረጃው ይገለጣል፣ አልጋውም ወደ ብርሃኑ ይጠጋል። የማገዶ ክምር የሚያሳይ መስኮት ግን እንደተዘጋ ይከርማል።

መጀመሪያ እርስዎ አልጋው ላይ ይጋደሙ

አካፋ ከማንሳትዎ በፊት ታማሚው በሚተኛበት ሁኔታ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይጋደሙና ወደ መስኮቱ ይመልከቱ። ብዙ አስታማሚዎች ይህን ሲያደርጉ ይደነግጣሉ፤ ቆመው የሚያዩት ደጅ ከአልጋው ላይ ጨርሶ አይታይም።

ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው። በጭቃ በተሠሩ ቤቶቻችን መስኮቱ ከፍ ብሎ ይሠራል፤ ታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 1.10 ሜትር ነው እንበል። ዝቅ ባለ አልጋ ወይም መደብ ላይ በጀርባው የተኛ ሰው ዓይን ከወለሉ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አልጋው ከመስኮቱ 2 ሜትር ቢርቅ፣ እይታው የመስኮቱን ጠርዝ አልፎ ሽቅብ ይሄዳል። ከመስኮቱ 4 ሜትር ርቆ የተተከለ ነገር ለዚህ ሰው የሚታየው ከ2.10 ሜትር በላይ ከሆነ ብቻ ነው። የጉልበት ቁመት ያለው አበባ ለእሱ የለም ማለት ነው።

“ታዲያ አልጋውን ወደ መስኮቱ እናስጠጋው” ይሉ ይሆናል። ለብርሃን ይረዳል፤ ለእይታው ግን ነገሩን ያብሰዋል። ዓይኑ ከመስኮቱ ጠርዝ በታች እስከሆነ ድረስ በቀረበ ቁጥር የሚያየው ሰማይ ብቻ ይሆናል። መፍትሔው ዓይኑን ከፍ ማድረግ ነው። በእግሮቹ ሥር ጠንካራ ጡብ በማድረግ አልጋውን ከፍ ቢያደርጉና ጀርባውን በትራስ ደግፈው ዓይኑ 1 ሜትር ላይ ቢደርስ፣ እዚያው 4 ሜትር ላይ ያለ 1.30 ሜትር ቁመት ያለው ቁጥቋጦ ጫፉ መታየት ይጀምራል። 40 ሳንቲሜትር ከፍታ 80 ሳንቲሜትር ደጅ ገዛ።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። በራሱ ተነስቶ የሚሄድ ሰው ከሆነ አልጋውን ከፍ አያድርጉት፤ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲነሳ ይወድቃል። ለእሱ መስኮቱ አጠገብ መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ይበቃዋል። ሁለተኛው የአልጋ ቁስል ነው። ከወገብ በላይ ቀና ተደርጎ የቆየ ሰው ቀስ በቀስ ወደ ታች ስለሚንሸራተት የጅራት አጥንቱ አካባቢ ያለው ቆዳ ይፋቃል። ለማረፍ 30 ዲግሪ ያህል ቀና ማለት ይበቃል፣ ጉልበቱም ሥር ትንሽ ትራስ ያድርጉ፤ በየሁለት ሰዓቱም ያገላብጡት። ሲበላና ሲጠጣ ግን በደንብ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። በተለይ ስትሮክ ያገኘው ሰው ተኝቶ ከበላ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የመመገቢያውን ሰዓት በመስኮቱ ፊት ቢያደርጉት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሳካሉ።

ከዚያ ይጠይቋቸው። “እማማ፣ ከዚህ ምን ይታይዎታል? ምን ቢታይዎት ደስ ይልዎታል?” መልሱ ብዙ ጊዜ አበባ አይደለም። እኛ አገር ሽማግሌ ማየት የሚፈልገው ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ ነው፤ የግቢውን በር፣ ዶሮዎቹን፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ልጆች፣ ዝናቡ ከጮቄ በኩል መምጣት አለመምጣቱን። ስለዚህ በሩን የሚጋርድ ረጅም ተክል ከመትከልዎ በፊት ይጠይቁ። በተቃራኒው ደካማ ሆነው በመንገደኛ መታየት የማይወዱ ሰዎችም አሉ፤ ለእነሱ ከመንገዱ በኩል ቀርከሃ ጥሩ መጋረጃ ነው።

ስትሮክ ያገኘው ሰው መስኮቱ በየትኛው ጎኑ ነው?

ይህን ነጥብ ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም። አንዳንድ ስትሮክ ከእጅና ከእግር በተጨማሪ የእይታን ግማሽ ይወስዳል፤ ወይም ዓይን እያየ አንጎል አንዱን ጎን ልብ አይልም። በብዛት የሚጎዳው የግራ ጎን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሳህኑ የቀኙን ግማሽ ብቻ በልቶ “ጨረስኩ” ይላል። በግራው ያለውን መስኮት፣ በመስኮቱ ያለውንም ደጅ አያገኘውም። ቤተሰቡ ግን “አበባም ተከልንለት፣ ዞር ብሎ እንኳ አያይም፣ ተስፋ ቆርጧል” ብሎ ያዝናል።

ስለዚህ ያጣሩ። ፊት ለፊቱ ተቀምጠው አፍንጫዎን እንዲያይ ይንገሩትና ጣትዎን በየተራ በሁለቱም ጎን ያንቀሳቅሱ። አንዱን ጎን ካላየ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መስኮቱ በሚያየው ጎን እንዲሆን አልጋውን ያዙሩት። እየበረታ ሲሄድ ወዳጣው ጎን እንዲመለከት ማለማመድ ስለሚጠቅም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውን አማክረው ቀስ በቀስ መልሰው ሊያዞሩት ይችላሉ። የሚንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ ውሃ ሊጠጣ የመጣ ወፍ፣ “ወደ ግራ እይ” ከሚል ትእዛዝ ይልቅ አንገትን ያዞራል።

ፀሐይዋ ከየት በኩል ናት?

ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ በሰኔ ደግሞ ትንሽ ወደ ሰሜን። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳው ብርድ ነው። ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት በእነዚህ ወራት ክፍሉን ያሞቃል፣ ነገር ግን ብርሃኑ ዓይን ውስጥ ይገባል። ይህ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ላለበት ሰው ከባድ ነው፤ ነጸብራቁ ሁሉንም ነገር ነጭ ያደርግበታል። በአገራችን ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት ምክንያት ይኸው የዓይን ሞራ እንደሆነ ልብ ይበሉ። “መስኮቱን ዝጉልኝ፣ ብርሃኑ ያመኛል” የሚሉ አባት ብርሃን ጠልተው ላይሆን ይችላል፤ ዓይናቸውን ያስመርምሯቸው፣ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነው።

ምርጫ ካለዎት የምሥራቅ መስኮት ያለውን ክፍል ይስጧቸው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያነቃል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይዋ ከቤቱ ጀርባ ሆና ደጁን ፊት ለፊት ስለምታበራው ቀለሙ ደምቆ ይታያል፣ ዓይንም አይወጋም።

ምን ይተከል?

በጀርባው ለተኛ ሰው ቀዳሚ ምርጫዬ ኮባ ነው። ይረዝማል፣ ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ነፋስ ያንቀሳቅሰዋል፣ ክረምት ሲገባ የዝናቡ ድምፅ በቅጠሉ ላይ ይሰማል፤ ለዳቦ መጋገሪያም ይሆናል። ቦታ ካለ ወይራ ወይም ብሳና ከአጥሩ ዳር ቢተከል ለወፎች ማረፊያ ነው፣ ብቻ ዘግይቶ ይደርሳል። ባሕር ዛፍ ግን ከመስኮት ፊት አልመክርም፤ ውሃውን ይጨርሳል፣ ሥሩ ምንም አያበቅልም፣ ቶሎ ረዝሞም ብርሃኑን ይጋርዳል።

ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ዝቅ ያሉት ይሠራሉ፦ ጽጌረዳ፣ ጀራኒየም፣ ነጭ አበባ ያለው ቀጋ፣ እሬት። የእሬት አበባ ቀጭን ምንቃር ያላቸውን ትንንሽ ወፎች ይጠራል፤ ከየትኛውም አበባ በላይ ሰው የሚያወራው ስለ እነሱ ነው። በዕድሜ የገፋ ዓይን ሰማያዊና ሐምራዊን ከጥቁር አረንጓዴ ለመለየት ይቸገራል፤ ነጭ፣ ቢጫና ቀይ ግን ከሩቅ ይታያሉ። አበባዎቹን በየቦታው ከመበተን አንድ ዓይነት ቀለም በአንድ ቦታ ቢሰበሰብ ይሻላል። ክረምት ላይ ከመስኮቱ ፊት አንድ መደብ ያህል ቦታ ሳያርሙ ቢተዉ በመስከረም አደይ አበባ ሊያወጣልዎት ይችላል። ያለ ወጪ የሚገኝ የአዲስ ዓመት ስጦታ ነው።

ዓይናቸው ለጠፋ ሰዎች ሽታ ይተካል። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ጠጅ ሳርና አሪቲ ከመስኮቱ ሥር ቢሆኑ፣ ሲነኩ ወይም ውሃ ሲጠጡ ሽታቸው ወደ ክፍሉ ይገባል። ጤና አዳም ለቡናም ይሆናል፤ ሲቆርጡት ግን ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ካገኘው እንደ ቃጠሎ ውሃ ይቋጥራል፣ እጅዎን ይታጠቡ። ነፍሰ ጡር ሴትም በብዛት አትጠጣው።

ፈተናው በጋ ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት ዝናቡ ትንሽ ስለሆነ በሐምሌ የተተከለው ሁሉ በየካቲት ደርቆ ይታያል፤ የደረቀ አትክልት ለታማሚ ደስ የሚል እይታ አይደለም። ስለዚህ ከመስኮቱ የሚታየውን ጥቂት ሜትር ብቻ ይምረጡ። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚያዳርሰውን ያህል ተክለው ሥሩን በጭድ ቢሸፍኑ ይበቃል። ግቢ የሌለው፣ በአንድ ክፍል ኪራይ የሚኖር ሰው ደግሞ የዘይት ጀሪካን ወይም የቀለም ባልዲ ታቹን በስቶ፣ ከመስኮቱ ውጭ በመስኮቱ ጠርዝ ልክ ድንጋይ ላይ ማስቀመጥ ይችላል። ከላይ ባየነው ስሌት፣ መስኮቱ ላይ ያለ አንድ ባልዲ ከሩቅ ካለ ሙሉ መደብ ይበልጣል።

ለወፎች ጎድጎድ ያለ ሳህን ውሃ ያስቀምጡ። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ይደፉና ይቀይሩት፤ ትንኝ እንዳይራባበት።

ከመስኮቱ ሥር መራቅ ያለበት

የሚከፈት መስኮት ሥር ፍግ፣ ቆሻሻና የተጋለጠ ሽንት ቤት ካለ ዝንብ ይገባል። ዝንብ ተቅማጥን ያስተላልፋል፤ የአማራ ክልል አሁንም በጣም የሚቸገርበትን ትራኮማንም ከዓይን ወደ ዓይን ያመላልሳል። የተኛ ሰው ደግሞ ዝንቡን ከፊቱ ለማባረር እጁ አይታዘዝለት ይሆናል። ከሰል ማቀጣጠያውንም ከዚያ ያርቁ፤ ጭሱ ተመልሶ ወደ ክፍሉ ይገባል፣ አስምና የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው መዘዝ ነው። ጎጃም የማር አገር ነው፣ ቢሆንም የንብ ቀፎ ቦታው ራቅ ብሎ ነው።

የመርሳት ችግር ያለበት አረጋዊ ወይም ትንሽ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ጉሎና አስተናግር ግቢው ውስጥ አይኑሩ፤ ፍሬያቸው መርዝ ነው። ለጌጥ የሚተከለው ኦሊያንደርም ቅጠሉ ሳይቀር የልብ ምትን ያዛባል።

ለአራስና ለጨቅላ ሕፃን

አራስ ቤት በብዙ ቦታ ይጨልማል፤ ምች ወይም ብርድ እንዳያገኛት ተብሎ መስኮቱ ይዘጋል። ለ40 ወይም ለ80 ቀን ከቤት የማትወጣ እናት ግን ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊያገኛት ይችላል፤ ቀን ላይ ተከፍቶ ወደ ደጅ የሚያሳይ መስኮት ቢያንስ ቀኑን ከሌሊቱ ይለይላታል። ከወለደች በኋላ ትኩሳት ከያዛት “ምች ነው” ተብሎ በዳማከሴ ብቻ አይታለፍ፤ የማሕፀን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ተቋም ትሂድ።

አንድ ስህተት ደጋግሜ ስለምሰማ ልንገርዎት፦ ሕፃኑን በመስታወት መስኮት በኩል በሚገባ ፀሐይ ማሞቅ ቫይታሚን ዲ አይሰጠውም። ለዚህ የሚያስፈልገውን የፀሐይ ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ሕፃኑ ሙቀቱን ያገኛል፣ አጥንቱ ግን የሚፈልገውን አያገኝም። ጠዋት ለአጭር ጊዜ በቀጥታ ፀሐይ ላይ፣ ከነፋስ በተከለለ ቦታ፣ ያውጡት። ይህ ለዓመታት ከቤት ላልወጡ አረጋውያንም ይሠራል፤ የአጥንት ሕመምና የጡንቻ ድካም ካላቸው ሐኪሙ ቫይታሚን ዲ ሊያዝላቸው ይችላል።

መስኮቱ የማይተካው ነገር

የሚያምር ደጅ መኖሩ ሰውን አልጋ ላይ ለማቆየት ምክንያት እንዳይሆን። መነሳት የሚችል ሰው ሁሉ ይነሳ። ከመስኮቱ የሚያየው ተክል ዘንድ ለመድረስ ከበሩ ጀምሮ ደረጃ የሌለው፣ በጠጠር የተደለደለና አንድ በኩል መያዣ እንጨት ያለው መንገድ ይሥሩለት፤ የክረምቱ ጭቃ ዳሌ የሚሰብር ነው። ዛሬ እስከ በረንዳው፣ በሚቀጥለው ሳምንት እስከ ጽጌረዳው። ውሃ የማጠጣቱን ሥራ በትንሽ ጣሳ ለእሱ ይተዉለት።

ለብዙ ቀን የተኛ ሰው አንድ እግሩ ብቻ ካበጠና ካመመው፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረውና ደረቱን ከወጋው፣ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ድንገተኛ ግራ መጋባትም በአረጋዊ ላይ የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። መስኮቱን የሚወድ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከሁለት ሳምንት በላይ ምግብ፣ እንቅልፍና ወሬ ካስጠላው ደግሞ ድብርት ነው ብለው ይጠርጥሩ፤ ለእሱም ሕክምና ስላለ በአቅራቢያዎ ላለው ጤና ጣቢያ ይንገሩ።